ማሞቂያው ፀሐይን እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቅ? የአየር ሁኔታ ትንበያን ለፀሐይ ሙቀት ስለመጠቀም የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 4 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የፀሐይ ኮሌክተር (በውስጡ በሚያልፍ ፈሳሽ የፀሐይን ሙቀት የሚሰበስብ ሰሌዳ)፣ 300 ሊትር የሚይዝ የሙቅ ውሃ ታንከር፣ በታንከሩ ታችኛው ክፍል ደግሞ የተገጠመ ባለ 2 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ረዳት ማሞቂያ አላቸው። ረዳት ማሞቂያው የሚታዘዘው በቴርሞስታት ብቻ በመሆኑ ውሃው ከተወሰነ ሙቀት በታች በወረደ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊት፣ በራሱ ይበራል፤ ቀኑ ብራ ሆኖ ሲውል ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በከንቱ እንደ ወጣ ይገባቸዋል። ይህን ለማስቀረት ስልካቸው ላይ ያለው የትንበያ ምልክት ፀሐይ ሲያሳይ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ ደመና ሲያሳይ መተው ጀመሩ፤ ውጤቱ አንዳንድ ቀን ደህና፣ አንዳንድ ቀን ግን ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ሆነባቸው። አሁን የሙቀት ሴንሰሮችን የሚያነብና ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ አነስተኛ ኮምፒውተር ስላስገጠሙ፣ የትኛውን ትንበያ በምን መልኩ ቢጠቀሙ እንደሚሻልና ውሳኔው በምን ሒሳብ መሰጠት እንዳለበት ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ የነካ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከትንበያው መፈለግ ያለብዎ መልስ «ነገ ፀሐይ ይሆናል ወይስ ደመና?» ለሚለው አይደለም። ማሞቂያዎን የሚመለከተው ጥያቄ «ኤሌክትሪኩን ሳላበራ እስከ ስንት ሰዓት መጠበቅ እችላለሁ?» የሚለው ነው። ትንበያ ይሳሳታል። ስህተቱ ሲታወቅ ግን ለማረም የሚበቃ ጊዜ ከተረፈ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጊዜ ካልተረፈ ደግሞ እጅግ ጥሩ ትንበያ እንኳ አንድ ቀን ቤተሰቡን ያለ ሙቅ ውሃ ያሳድራል። ስለዚህ እኔ አንድን የፀሐይ ማሞቂያ ስመለከት መጀመሪያ የማየው ትንበያው ከየት እንደሚመጣ ሳይሆን ውሳኔውን ምን ያህል ማዘግየት እንደሚቻል ነው።

ሌሊት የሚበራው ማሞቂያ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚታሰበው በላይ ነው። አንደኛው ጉዳት ግልጽ ነው፤ ለፀሐይ ሊተው የሚገባውን ቦታ ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ 300 ሊትሩን ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ያደረሰ ማሞቂያ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል አስገብቷል ማለት ነው፤ ይህም የእርስዎን ያህል ስፋት ያለው ኮሌክተር በጥሩ ብራ ቀን ከሚሰበስበው ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ግን ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም። ኮሌክተር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውጭው አየር ይልቅ በሞቀ ቁጥር የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል። ለተለመደ ጠፍጣፋ ኮሌክተር ሒሳቡን በግምት እንዲህ መያዝ ይቻላል፦ ከደረሰው ጨረር 75 በመቶው ይወሰዳል፤ ከዚያ ላይ ፈሳሹ ከአየሩ ለበለጠበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በካሬ ሜትር 4 ዋት ይቀነሳል። ጨረሩ በካሬ ሜትር 400 ዋት፣ የሙቀቱ ልዩነት 20 ዲግሪ ቢሆን 220 ዋት ይገኛል። ልዩነቱ 45 ዲግሪ ሲሆን ግን የሚገኘው 120 ዋት ብቻ ነው። ፀሐይዋ ያችው ናት፣ ኮሌክተሩም ያው ነው፤ ምርቱ ግን ወደ ግማሽ ወረደ፤ ምክንያቱም ታንከሩ አስቀድሞ ሞቆ ጠበቃት።

ይህን በአንድ የ200 ሊትር ታንከር መዝገብ ላይ በቅርብ ተመልክቼዋለሁ። ማሞቂያው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በርቶ የታንከሩን ታች ከ22 ወደ 50 ዲግሪ አደረሰው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይም ጠፋ። ፈሳሹን በኮሌክተሩና በታንከሩ መካከል የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚነሳው ኮሌክተሩ ከታንከሩ ታች በ7 ዲግሪ ሲበልጥ ስለሆነ፣ ኮሌክተሩ እስከ 57 ዲግሪ መጋል ነበረበትና ፓምፑ እስከ 3 ሰዓት ከ40 ድረስ ዝም ብሎ ቆየ። በማግስቱ ሰማዩ ተመሳሳይ፣ ማሞቂያው ግን በእጅ ተዘግቶ ነበር፤ ፓምፑም 1 ሰዓት ከ50 ላይ ተነሳ። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ የጠዋት ፀሐይ የጠፋው ጣሪያው ላይ ባለ ችግር ሳይሆን ሌሊቱን በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታንከሩ የመጨረሻ ገደቡ ላይ ደርሶ ፓምፑ ቆመ፤ የቀረው የቀኑ ፀሐይም ኮሌክተሩን ከማጋል በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ትንበያው ከመግባትዎ በፊት የማሞቂያውን ቦታ እንዲያስተካክሉ እመክራለሁ። ሙቅ ውሃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይሆናል፤ በአግባቡ የተሠራ ታንከር ይህን የሙቀት ድርብርብ ሳያዋህድ ይጠብቃል። ማሞቂያው ከታች ሲሆን ከበላዩ ያለውን ውሃ በሙሉ ስለሚያገላብጠው፣ ሁለት ሰው ለመታጠብ የሚበቃ ውሃ ሲፈልጉ 300 ሊትር ለማሞቅ ይገደዳሉ። በታንከሩ የላይኛው ሲሶ የተገጠመ ማሞቂያ ግን 100 ሊትሩን ብቻ ያሞቃል፤ የታችኛው 200 ሊትር ለፀሐይ እንደ ቀዘቀዘ ይቆያል። በብዙ ታንከሮች ላይ ከላይ በኩል በቡሎን የተዘጋ ትርፍ ቀዳዳ ስለሚኖር ሥራው ቀላል ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ ከሌለም፣ ማሞቂያው ከታች ቢሆንም በሰዓት ገደብ መቆጣጠር ብቻውን ብዙ ይጠቅማል።

የሰዓቱን ነገር በቁጥር እንየው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ውሃው እንዲደርስ ይፈልጋሉ እንበል። ታንከሩ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ በታችኛው ማሞቂያ ሁሉንም ወደ 42 ዲግሪ ለማድረስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ በ2 ኪሎዋት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለፍ አይችሉም። ማሞቂያው ከላይ ሲሆን 100 ሊትሩን ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ እስከ 11 ሰዓት መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ፀሐይ አብዛኛው ተሰብስቦ አልቋል። ታንከሩ ውስጥ ያለውን በሴንሰር አንብቦ የጎደለውን መሙላት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ለዚህ ውሳኔ ትንበያ አያስፈልግም። የማታው ውሃ በመለኪያ የሚወሰን ነገር ሲሆን በትንበያ ለመወሰን መሞከር ራስን ያለ ምክንያት ለስህተት ማጋለጥ ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን ምልክት ተከትለው ጠዋት ማሞቂያውን ለሙሉ ቀን ሲያጠፉ የሆነውም ይህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሊታረም ይችል የነበረውን ውሳኔ ጠዋት ላይ ዘጉት።

ታዲያ ትንበያው የት ይጠቅማል? ውሳኔው መዘግየት በማይችልበት ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ሌሊት የሚቀንስ ከሆነ የሚገዛው ሙቀት መጠን ፀሐይ ሳትወጣ መቆረጥ አለበት። ረዳቱ ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ (ከአካባቢው አየር ሙቀት እየሳበ የሚያሞቅ መሣሪያ) ከሆነ፣ ወይም እንጨት የሚነድበት ምድጃ ከሆነ፣ እንደ አምፖል በፈለጉት ደቂቃ አይበራም። ማታ ከተረፈው ሙቅ ውሃ ላይ ለነገ ጠዋት መጨመር ይገባ እንደሆነ መወሰንም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወለል ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ የሚሞቅ ቤት ነው። ወፍራም የኮንክሪት ወለል ሙቀቱን የሚለቀው ከብዙ ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ንጋት ላይ የሞቀ ወለል እኩለ ቀን ላይ በመስኮት ከሚገባው ፀሐይ ጋር ተደርቦ ክፍሉን ያፍነዋል፤ ሰዎችም መስኮት ከፍተው የገዙትን ሙቀት ወደ ውጭ ይለቁታል። ቴርሞስታት ይህን ማወቅ አይችልም፤ እሱ የሚያውቀው ያለፈውንና ያለውን ብቻ ነው። ዋጋው ቀኑን ሙሉ አንድ በሆነበት፣ ማሞቂያውም ፈጣን በሆነበት ቤት ግን ከትንበያ የሚገኘው ጥቅም ከትክክለኛ የሰዓት ገደብ ከሚገኘው ያነሰ እንደሆነ በግልጽ ልንገርዎ።

ትንበያው በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ምልክቱን ትተው የጨረሩን ቁጥር ይውሰዱ። የምልክቱ ችግር ለሰው ዓይን የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ቀጭን የላይኛ ደመና ያለበትና ጥቅጥቅ ያለ ዝቅተኛ ደመና የሸፈነው ቀን አንድ ዓይነት ምስል ሊሰጣቸው ይችላል፤ ለኮሌክተር ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። የቀኑ ጠቅላላ ጨረርም ብቻውን አይበቃም፤ በየሰዓቱ የተከፋፈለው ያስፈልጋል። ሁለት ቀኖችን ይመልከቱ፤ ሁለቱም በካሬ ሜትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ጨረር አላቸው። በአንደኛው ቀን 4 ሰዓት ያህል 750 ዋት ጥርት ያለ ፀሐይ ወጥቶ የቀረው ተዳፍኗል፤ በሌላኛው 10 ሰዓት ሙሉ 300 ዋት የሆነ ፈዛዛ ብርሃን ነበረ። የሙቀት ልዩነቱን 30 ዲግሪ ብንይዝ፣ ከላይ ባየነው ሒሳብ የመጀመሪያው ቀን በካሬ ሜትር 1,770 ዋት ሰዓት ሲሰጥ ሁለተኛው የሚሰጠው 1,050 ብቻ ነው። ጨረሩ ከ160 ዋት በታች ሲሆን ደግሞ ኮሌክተሩ ምንም አይሰጥም፤ የሚያገኘውንና የሚያጣውን እኩል ያደርጋል፣ ፓምፑም አይነሳም። የፀሐይ ኤሌክትሪክ ፓነል ለደካማ ብርሃንም ደካማ ምርት ይሰጣል፤ የሙቀት ኮሌክተር ግን መነሻ ወለል አለው። ለፓነል የተዘጋጀ የትንበያ አገልግሎት ሲጠቀሙ ይህን ልዩነት አይርሱት።

ምንጩን በተመለከተ፣ ከአንድ እስከ ጥቂት ቀን ወደፊት ለማየት በከባቢ አየር ሞዴል ስሌት ከሚሠሩት ትንበያዎች የሚሻል የለም። በ1975 የተቋቋመው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ዓለምን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ያሰላል፤ የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ሞዴልም በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀን አራት ጊዜ ይወጣል። ለሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት ብቻ ከሆነ ግን የሳተላይት ምስሎችን ተከታትሎ ደመናው ወዴት እየተጓዘ እንደሆነ የሚያሰላው ዘዴ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሚነሳው ካለው ደመና ነው። ከአምስትና ስድስት ሰዓት በኋላ ግን ያ ደመና ወይ ተበትኗል ወይ ሌላ ተወልዷል፣ ስለዚህ ወደ ሞዴሉ መመለስ ይገባል። ለቤት የሚሆን ሥራ ሞዴሉ ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ።

ቁጥሩን ስታነቡ የሚያጋጥሙ ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሁሉ ቢያንስ በአንዱ ተይዟል። የአውሮፓው ማዕከል ጨረርን የሚሰጠው ስሌቱ ከተጀመረበት ሰዓት አንስቶ በተጠራቀመ ጁል በካሬ ሜትር ነው። የአንድ ሰዓት አማካይ ዋት ለማግኘት የቀደመውን ከተከታዩ ቀንሶ ለ3,600 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ያለማቋረጥ እየበረታች ስትሄድ ያያል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። መረጃው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ ሲሆን፣ በአንድ ሰዓት ላይ የተጻፈው ቁጥርም በአብዛኛው ያለፈውን ሰዓት አማካይ የሚወክል ነው። አንድ ሰዓት የተዛባ ትንበያ በብራ ቀን ጠዋት ላይ አብዝቶ፣ ከሰዓት በኋላ አሳንሶ ወይም በተገላቢጦሽ ያሳያል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጥርት ያለ ቀን የትንበያውንና የመለኪያውን መስመር ደራርበው ጫፎቻቸው መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ሦስተኛው፣ ሞዴሉ የሚሰጠው በአግድም መሬት ላይ የሚያርፈውን ጨረር ነው፤ የእርስዎ ኮሌክተር ግን ያዘነበለ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትታይበት ወቅትና ስፍራ፣ ወደ እሷ ያዘነበለ ኮሌክተር ቀጥተኛውን ጨረር ከአግድሙ ከእጥፍ በላይ ሊያገኝ ይችላል፤ በደመና ተበትኖ የሚመጣው ጨረር ግን እንዲህ አይጨምርም። ስለሆነም ቀጥተኛውንና የተበተነውን ለይቶ የሚሰጥ አገልግሎት ካገኙ እሱን ይምረጡ።

የትንበያ ስህተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብትንትን ደመና በሚንሳፈፍበት ቀን የአንዲት ሰዓት ትንበያ በጣም ሊሳት ይችላል፣ ምክንያቱም አንዷ ደመና ጣሪያዎ ላይ ትለፍ ወይም ጎረቤት ላይ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ታንከሩ የሰዓቱን ከፍታና ዝቅታ ደምሮ ስለሚያስቀምጥ የቀኑ ድምር ብዙ አይሳትም፤ የፀሐይ ሙቀት ሥራ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ይልቅ ለትንበያ ስህተት ታጋሽ የሆነው በዚህ ነው። የሚጎዳው የጉምና የዝቅተኛ ስስ ደመና ስህተት ነው። ጉሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይገለጣል ተብሎ እስከ 8 ሰዓት ከቆየ የቀኑ ምርት በሙሉ ይሄዳል፤ ሞዴሎችም የሚደክሙት በዚህ ላይ ነው። የአቧራ ጭጋግም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሞዴሎች ጨረሩን ሲያሰሉ በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝ የሚይዙት በወቅቱ አማካይ ስለሆነ፣ አቧራ በሚነሳበት ሰሞን ትንበያው ከእውነታው በላይ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የራስዎ መዝገብ ነው። ውድ የጨረር መለኪያ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ኮሌክተሩ ራሱ መለኪያ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር የሚያልፍበትና በመግቢያና መውጫው መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት የሚያሳይ መስመር 2.1 ኪሎዋት ያህል እየሰጠ ነው (ፈሳሹ ውሃ ከሆነ፤ ግላይኮል የተባለው ፀረ ውርጭ ፈሳሽ የተቀላቀለበት በመጠኑ ያነሰ ሙቀት ይይዛል)። የተተነበየውንና የተገኘውን በየሰዓቱ ጎን ለጎን ለአንድ ወር ያስቀምጡ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ የቀን ሰዓት የሁለቱን ንጽጽር ያውጡና የሚቀጥለውን ትንበያ በዚያ ያርሙ፤ ቅርብ ላሉት ቀናት የበለጠ ክብደት እየሰጡ በየቀኑ ያድሱት። ከሰዓት በኋላ ጥላውን የሚጥለው ዛፍ፣ ሸለቆው ውስጥ የሚዘገየው የጠዋት ጉም፣ ኮሌክተሩ ላይ የተኛው አቧራ ሳይቀር በዚህች ቀላል እርማት ውስጥ ይገባሉ። እኔ እስካየሁት ድረስ ከአንድ የትንበያ ምንጭ ወደ ሌላ ከመዛወር ይልቅ ይህች እርማት የምታመጣው ለውጥ ይበልጣል።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። የሌሊት ቅናሽ ዋጋ አለ፣ ለነገ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልጋል፣ ሌሊቱን ምን ያህሉን ልግዛ? ትንበያው ከፀሐይ 6 ይገኛል ቢል 1 ብቻ መግዛት የዋህነት ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ስህተቶች ዋጋ እኩል አይደለም። ተጨማሪ ገዝተው ፀሐይ ብትወጣ የሚያጡት ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፤ ሳይገዙ ፀሐይ ብትቀር ግን ወይ በቀን ውድ ዋጋ ይገዛሉ ወይ ውሃ ያጣሉ። ማጣቱ በኪሎዋት ሰዓት ያለ ጥቅም ከመግዛቱ አራት እጥፍ ይጎዳኛል ካሉ፣ ሒሳቡ የሚለው የፀሐይዋ ምርት ከአምስት ቀን በአንዱ ብቻ ከእሱ በታች የሚሆንበትን ዝቅተኛ ግምት ይዘው ያቅዱ ነው። ሁለቱን ጉዳቶች ደምሮ ትንሹን ለድምሩ ማካፈል ነው፤ አንድ ለአምስት። ያ ዝቅተኛ ግምት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ሌሊቱን የሚገዙት 3.5 ይሆናል።

ይህን ዝቅተኛ ግምት ከየት ያመጣሉ? የአውሮፓው ማዕከል አንድ ትንበያ ብቻ አያወጣም፤ መነሻ ሁኔታውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 51 ትንበያዎችን ጎን ለጎን ያሰላል። ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡ ሰማዩ የታወቀ ነው፤ ሲበታተኑ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ፦ የ51ዱን አማካይ ጨረር አውጥቶ ወደ ኮሌክተሩ ሒሳብ ማስገባት አይገባም። ኮሌክተሩ መነሻ ወለል ስላለው እያንዳንዱን ትንበያ ለየብቻው በሒሳቡ አሳልፎ 51 የምርት ግምቶችን ማግኘት፣ ከዚያ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ ከታች አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ የሆነውን መውሰድ ነው ትክክሉ። እንዲህ ያለ መረጃ ካላገኙም የራስዎ የአንድ ወር መዝገብ ያው ነው፤ ባለፉት ቀናት ትንበያው በአምስት ቀን አንዴ ምን ያህል ከእውነታው እንደ በለጠ አይተው ያንን ይቀንሱ።

ውሳኔው አንዴ ተወስኖ የሚቀር እንዳይሆን ፕሮግራሙ በየሰዓቱ ከአዲስ ይጀምር፤ የታንከሩን ሙቀት ያንብብ፣ የቀረውን የፀሐይ ግምት ያስላ፣ እስከ መጨረሻው የማብሪያ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረ ይመልከት፣ መጠበቅ የሚቻል ከሆነ ይጠብቅ። ዘመናዊዎቹ ትልልቅ ሥርዓቶች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። በዴንማርክ ሲልከቦርግ ከተማ በ2016 ሥራ የጀመረው የከተማ ማሞቂያ ከ156,000 ካሬ ሜትር በላይ ኮሌክተር አለው፤ በዚያው አገር በቮየንስ ደግሞ 200,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሙቅ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ አለ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክም ሙቀትም የሚያመርት የጋዝ ሞተር ስላላቸው፣ ለነገ የሚሸጡትን ኤሌክትሪክ ዛሬ ቀትር ላይ በጨረታ ማቅረብ አለባቸው፤ ነገ ፀሐይዋ የምትሰጠው ሙቀት ካልታወቀ ደግሞ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አይታወቅም። እዚያ ትንበያ ግዴታ የሆነው ውሳኔው ሊዘገይ ስለማይችል ነው።

ፀሐይ ሲበዛም ትንበያው ሥራ አለው። ታንከሩ ሞልቶ ፓምፑ ሲቆም ጠፍጣፋ ኮሌክተር ከ150 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ግላይኮሉ በዚህ ሙቀት እየተበላሸ ሄዶ አሲድነት ያመጣና ቧንቧውን ይበላል። ተከታታይ ብራ ቀናት እየመጡ እንደሆነና ቤቱም ውሃ እንደማይጠቀም ከታወቀ፣ ሌሊት ፓምፑን አስነስቶ የታንከሩን ሙቀት በኮሌክተሩ በኩል ወደ ሰማይ መልቀቅና ለነገ ቦታ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ ግን ትንበያው እርግጠኛ ሲሆን ብቻ የሚደረግ ነው፤ የለቀቁት ሙቀት አይመለስም።

በውሃ ብቻ የሚሠሩና ውርጭ የሚያገኛቸው ኮሌክተሮች ካሉ ደግሞ የትንበያውን ዝቅተኛ የአየር ሙቀት ብቻ አይመኑ። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ኮሌክተሩ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው ሰማይ ስለሚያበራ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አየሩ 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ሳለ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ መዳቡን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ የውርጭ መከላከያው ከሙቀቱ ጋር የሌሊቱን ደመናና ነፋስ ይመልከት፤ የመጨረሻውን ትእዛዝ ግን ኮሌክተሩ ላይ ያለው ሴንሰር ይስጥ።

አንድ ነገር ከትንበያው በላይ መሆን አለበት፤ እሱም ጤና ነው። ፀሐይን እየጠበቁ ታንከሩን ለቀናት ለብ ብሎ እንዲቆይ መተው፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ለሚራባው ሌጂዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ ይመቻል። ፕሮግራሙ ታንከሩ በሙሉ 60 ዲግሪ ከደረሰ ስንት ቀን እንደሆነው ይቁጠር፤ ገደቡ ሲሞላ ትንበያው ምንም ቢል ያሙቀው። ብልሃቱ ቀኑን መምረጥ ላይ ነው፤ ከሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ብራ የሚሆነውን መርጦ ፀሐይ ወደ 55 ዲግሪ ካደረሰችው በኋላ ከሰዓት በኋላ የቀረውን 5 ዲግሪ በኤሌክትሪክ መሙላት ነው። ይህን ሥራ ከታች ያለው ማሞቂያዎ በደንብ ይሠራዋል፤ ስለዚህ የላይኛውን ሲያስገጥሙ የታችኛውን አያስነቅሉት።

ሥራውን ሲጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ትንበያውን አያገናኙት። ማሞቂያውን በሰዓት ገደብ ብቻ ያሠሩትና የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንበያውን ያስገቡ፣ በሦስተኛው ያውጡት፣ እንዲህ እያፈራረቁ ለሁለት ሦስት ወራት ይከታተሉ። በእያንዳንዱ ሳምንት የነበረውን ጨረርና የተጠቀሙበትን ውሃ አብረው ይጻፉ፣ አለበለዚያ የሰማዩን ለውጥ የፕሮግራሙ ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። ከጎን ደግሞ «ነገ እንደ ዛሬ ይሆናል» የምትለውን ቀላል ግምት በወረቀት ላይ ያስሏት፤ ትንበያዎ እሷን በግልጽ ካልበለጣት መጀመሪያ የሚመረመሩት የሰዓቱ መዛባትና የኮሌክተሩ ዝንባሌ ስሌት ናቸው። የመዝገቡን የመጀመሪያ ወር ሲጨርሱ የተተነበየውንና የተገኘውን ሰንጠረዥ ቢልኩልኝ እርማቱን አብረን እናወጣለን።